ራቭ ፎሯ «ተመለሽ» ተብላለች፤ ማን ይንገራት?

በዚህ ዓምድ ስለ እጮኛ፣ ስለ አማትና ስለ ቅናት ስናነሳ ስንጥል ከርመናል። ዛሬ ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። «ደግሞ አንተ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መካኒክ አይደለሁም፤ የምሄደውም በታክሲ ነው። ነገር ግን ሰሞኑን ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መሀል ተደጋግሞ የመጣው ጥያቄ «ያገለገለች ራቭ ፎር ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» የሚል ሆነ። አንደኛው ደብዳቤ ደግሞ የሰንበቴ ልጅ የጻፈው ነው። እሱን ካነበብኩ በኋላ ነገሩን እንዲሁ ላልፈው አልቻልኩም። ወደሱ እንመጣለን።

መጀመሪያ እኛ ሰዎች ያገለገለ መኪና ስንገዛ የምናደርገውን እንይ። ቀለሟን በጣታችን እንዳስሳለን። በሯን ከፍተን ድው አድርገን እንዘጋለን። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ጭስ ማውጫው ላይ መዳፍ ይደረጋል። ደላላው በመሀል ገብቶ «ሐኪም ነበረች የምትነዳት!» ይላል። (ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በዚህ ከተማ የሚሸጡ መኪኖች በሙሉ የሴት ሐኪም ናቸው።) ከዚያ ሊብሬው ይታያል፣ እገዳ እንደሌለባት ይጣራል፣ ቦሎው ይታያል፣ ውልና ማስረጃ ተገብቶ ይፈረማል። አለቀ! አንዲት ጥያቄ ግን ማንም አያነሳም። ይህችን መኪና የሠራት ፋብሪካ ራሱ ስለሷ ምን ብሏል?

በሌላው ዓለም «ሪኮል» የሚባል ነገር አለ። ፋብሪካው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ሲገኝ «ከዚህ ጊዜ እስከዚህ ጊዜ የተመረቱትን አምጡልኝ፣ በነጻ ላስተካክል» ብሎ የሚያወጣው ጥሪ ነው። መኪናዋ ወኪሉ ጋራዥ ገብታ፣ ጉድለቷ ተስተካክሎ ወደ ባለቤቷ ትመለሳለች። ጥሪው ለባለቤቱ የሚደርሰው በደብዳቤ ነው፤ ባለቤት የሚባለውም እዚያው አገር መዝገብ ላይ ስሙና አድራሻው የሰፈረ ሰው ነው።

እንግዲህ አስቡት። ራቭ ፎሯ ከመጀመሪያው ባለቤቷ እጅ ወጥታ፣ ዱባይ የመኪና ሜዳ ላይ ከርማ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሳ፣ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰው እጅ ዞራ ሰንበቴ ትገባለች። ደብዳቤው ግን አብሯት አይዞርም። የጠራት የት እንዳለች አያውቅም፤ የያዛት ሰው ደግሞ መጠራቷን አያውቅም።

በዚህ ላይ እኛ አገር መኪና ጡረታ አይወጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ግብር ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ቀድመው የገቡት የቤንዚን መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፣ በዞሩ ቁጥርም ታሪካቸው እየጠፋ ይሄዳል። ቦሎ ለመውሰድ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ቢሆን የዛሬውን ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ ጃፓን የተጻፈውን ደብዳቤ አያነብም።

ሊያድን ተቀምጦ የሚገድለው

ከሪኮሎች ሁሉ ትልቁ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ጉዳይ ነው። ኤርባግ የሚነፋው በቅጽበት በሚቃጠል ኬሚካል ነው። ታካታ የተጠቀመው አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ በሌላ ቦታ ለማዳበሪያም ለድንጋይ ማፈንጃም የሚውለው ማለት ነው። ይህ ነገር ዓመታት በሙቀትና በእርጥበት ሲመላለስበት ጠባዩ ይለወጣል። ከዚያ ግጭት ሲደርስ ከሚገባው በላይ በኃይል ይቃጠልና የያዘውን የብረት ቀፎ በጣጥሶ ስብርባሪውን በሰው ፊትና አንገት ላይ ይረጨዋል። በአሜሪካ ብቻ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውበታል፤ እዚያው አሜሪካ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎች ተጠርተውበታል። ታካታም እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ።

ከተጠሩት መሀል የ2004 እና የ2005 ሞዴል ራቭ ፎር ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 50,000 ለሚሆኑ አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች (ለኮሮላ፣ ለማትሪክስና ለእነዚሁ ራቭ ፎሮች) «ጥገናው እስኪደረግላቸው አትንዷቸው» አለ። ቀስ ብላችሁ ንዱ አላለም፤ አትንዷቸው ነው ያለው! በዚያው ወር እኛ ጋ የአውቶሞቢል እገዳው ተሰምቶ ደላሎች ዋጋ ስለመስቀል ያወሩ ነበር።

የኛዎቹ መኪኖች ደግሞ ብዙዎቹ የመጡት ሙቀትም እርጥበትም ከሞላበት ከባሕረ ሰላጤው ዳርቻ መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ የ2004 ወይም የ2005 ሞዴል ራቭ ፎር ቀርቦላችሁ ኤርባጓ መቀየሩ በሰነድ ካልተረጋገጠ የኔ ምክር አጭር ነው፦ ብትረክስም አትግዟት። «ከተጋጨች መኪና ላይ ነቅለን እንገጥምልሃለን» የሚላችሁ ካለ ደግሞ እግሬ አውጪኝ በሉ። የተነቀለው ኤርባግ የማን እንደሆነ፣ እሱም ተጠርቶ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የሰንበቴው ልጅ

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የላከችውን አጠራቅሜ 2007 ሞዴል ራቭ ፎር ገዛሁ። ሐሳባችን እያከራየን ቤተሰብ ልንረዳባት ነው። እህቴ ለአረፋ ትመጣለች፤ ከቦሌ ተቀብዬ አገር ቤት የማስገባት በዚችው መኪና ነው። አሁን አንድ ጓደኛዬ የራቭ ፎር ኤርባግ ፈንድቶ ይገድላል አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ለእህቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ፣ ቁልቁል በደብረ ሲና ተጠማዝዞ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ተዘርግቶ፣ በጀውሃ በኩል ሰንበቴ ይደርሳል። ባለፈው ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ወደ ደሴ ስሄድ ሰንበቴ ወረድኩ። ቀኑ እሑድ ነበርና ገበያው ደርቷል። አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራው ይሸጣል ይገዛል፤ ግመሉም ፍየሉም አለ። ልጁ ገበያው ዳር ቆሞ ጠበቀኝና ወደ ግቢያቸው ወሰደኝ። መኪናዋ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፤ ታጥባ ታብረቀርቃለች። አባቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብትና ግመል ሲነግዱ የኖሩ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ራቭ ፎሯን በከዘራቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ግመል ስገዛ ጥርሷን አያለሁ። ይቺ ጥርስ የላት፣ ምኗን ልይ?» አሉኝ።

አባባ፣ ጥርስ አላት። የሻንሲ ቁጥሯ ነው። በፊት መስተዋቱ ጥግና በሹፌሩ በር ፍሬም ላይ የሚገኝ 17 ሆሄና ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ሆሄ የት እንደተሠራች ይናገራል። ጄ ከሆነ ጃፓን፣ 2 ከሆነ ካናዳ፣ 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ ማለት ነው። ቁጥሩ ከዚህ ካጠረ መኪናዋ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ልትሆን ትችላለች። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነውና፣ መሪዋ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የዞረ መሆኑን ጠርጥሩ። መሪና ዳሽቦርድ ሲገለበጥ ኤርባጉ የት እንደደረሰ ጠይቁ።

የልጁ መኪና በጄ ትጀምራለች። ቁጥሯን የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በነጻ ከፍቶ ባስቀመጠው መዝገብ ላይ በስልክ አየነው። አያውቃትም! ልጁ «ተመስገን» ብሎ ተነፈሰ። አይደለም። ያ መዝገብ የሚያውቀው አሜሪካ የተሸጡትን ነው፤ የሱ መኪና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራች ናት። አያውቃትም ማለት ጤነኛ ናት ማለት አይደለም። የታካታው ፍርሃቱ ግን የሱ ሞዴል ጉዳይ አልነበረም፤ የ2007ቷ ራቭ ፎር ዋናው ጣጣዋ ሌላ ነው።

ከከሚሴ አንድ መካኒክ ተጠርቶ መጣ። መጀመሪያ ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን ሳያስነሳ ዳሽቦርዱን አየ። የኤርባግ መብራት ቁልፉ ሲዞር በርታ፣ ከስድስት ሰከንድ ያህል በኋላ መጥፋት አለባት። የልጁ መኪና ላይ ጭራሽ አልበራችም። መካኒኩ ሳቅ አለና ዳሽቦርዱን ፈታው፤ መብራቷ በጥቁር ቴፕ ተሸፍናለች። ቴፑ ሲነሳ በርታ ቀረች፣ ማለትም ችግር አለ። ከጋቢናው ተሳፋሪ ፊት ያለው ክዳን ሲከፈት ባዶ ነው፤ ኤርባግ የለም። ልጁ ፈንድቶ ይገድለኛል ብሎ የፈራው ነገር ከነጭራሹ አልነበረም። አንዳንድ ሻጮች መብራቷን ከዘይት መብራት ጋር አገናኝተው አብራ በርታ አብራ እንድትጠፋ ያደርጋሉና፣ ስትፈትሹ ሰከንዱን ቁጠሩ።

ዋናው ነገር የመጣው ግን መካኒኩ ከኋላ ገብቶ መሬት ላይ ሲተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቶዮታ ከ2006 እስከ 2011 ሞዴል ያሉትን ራቭ ፎሮች የጠራው በኋላ ጎማ ክንድ ምክንያት ነበር። ጎማውን አቅጣጫ የሚያስይዘው ይህ ክንድ ርዝመቱ የሚስተካከለው በጥርስ ሲሆን፣ የሚያስረው አንድ ዳዶ አለ። ዊል አላይመንት የሚሠራው ሰው ካስተካከለ በኋላ ዳዶውን በሚገባ ካላጠበቀው ጥርሱ ይላላል፣ ውሃ ይገባዋል፣ ይዝጋል፣ ይሳሳል። በመጨረሻ ክንዱ ሊላቀቅ ይችላል። ያኔ የኋላው ጎማ ወደፈለገበት ይዞራል። በአሜሪካ ብቻ ወደ 780,000 መኪኖች ተጠሩ። የሚገርመው፣ በዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እነዚያኑ መኪኖች እንደገና ጠሯቸው። ለምን ቢባል የመጀመሪያው ጥገና በአንዳንዶቹ ላይ በትክክል አልተሠራም ነበር። እዚያ፣ በወኪሉ ጋራዥ፣ መመሪያ ተጽፎ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ጋ መንገድ ዳር አላይመንት የሚሠራውን ልጅ ዳዶውን ምን ያህል እንዳጠበቀው ማን ጠይቆት ያውቃል?

ልጁ መኪናዋን በገዛ በሳምንቱ አራት ጎማ ቀይሮ አላይመንት አሠርቷል። መካኒኩ የግራውን ዳዶ በጣቱ አዞረው። በጣቱ! ጥርሱ ቀልቷል። ልጁ አጎንብሶ አየና ምንም አልተናገረም። በዚህ ሁኔታ ጣርማበርን ሁለት ጊዜ ወርዷል። ለአረፋ ደግሞ እህቱን፣ ሻንጣዋንና ሊቀበሏት የሚሄዱትን ዘመዶች ጭኖ ሦስተኛ ሊወርድ ነበር።

ራቭ ፎር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን ለማየት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ከኋላ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ፣ የኋላ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ፣ ፍሬን ስትይዙ ጅራቷ ከወዘወዘ ዛሬውኑ አስፈትሹ። አላይመንት ባሠራችሁ ቁጥር ቆማችሁ ዳዶው ሲጠብቅ እዩ። ክንዱ ከዛገ ደግሞ አዲስ ይገዛል እንጂ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ አይፈለግም። ያገለገለውም ያንኑ በሽታ ይዞ ይሆናላ!

እህት የምትቀመጥበት ቦታ

«እህትህ የት ነው የምትቀመጠው?» አልኩት። «ከኋላ፣ ከእናቴ ጋር» አለኝ። የኋላውን ወንበር አየን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ቶዮታ በመላው ዓለም 2.87 ሚሊዮን ራቭ ፎርና ቫንጋርድ መኪኖችን ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ፣ ከፊት በሚደርስ ከባድ ግጭት የኋላው ወንበር የብረት ፍሬም የደህንነት ቀበቶውን ሊቆርጠው መቻሉ ነው። መድኃኒቱ ብረቱን በፕላስቲክ መሸፈን ብቻ ነበር። ከሐምሌ 2005 እስከ ነሐሴ 2014 እ.ኤ.አ. የተመረቱት ራቭ ፎሮች ናቸው የተጠሩት፤ የልጁ መኪና ሞዴልም እዚሁ ውስጥ ይወድቃል። ፕላስቲኩን ልናይ ስንል ግን ቀበቶው ራሱ ጠፋን። ቆይተን ፈልገን ስናገኘው፣ መርካቶ ከተሰፋው ቆንጆ የወንበር ልብስ ሥር ተቀብሯል። ማስገቢያው እንኳ አይታይም። ቶዮታ ቀበቶው እንዳይቆረጥ ይጨነቃል፣ እኛ ከነአካቴው እንቀብረዋለን። ልብሱን በምላጭ ቀደድነው።

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ላንሳና ልለፍ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 አሜሪካ ውስጥ 1.85 ሚሊዮን የሚጠጉ ከ2013 እስከ 2018 ሞዴል ራቭ ፎሮች ተጠሩ። ባትሪው ሲቀየር አናቱ አነስ ያለ ከተገባና ማሰሪያው በደንብ ካልጠበቀ፣ መኪናዋ በኃይል ስትታጠፍ ባትሪው ተንቀሳቅሶ ፖዘቲቩ ማሰሪያውን ይነካና እሳት ሊነሳ ይችላል። እኛ ጋ በከመነዳሪ ጎማ የታሰረ ባትሪ ስንት አይታችኋል? ኮፈናችሁን ክፈቱና እዩ።

አብዛኞቹ ደብዳቤ ጸሐፊዎች የጠየቁኝ ግን ይህን ሁሉ አይደለም። «ዘይት ትበላለች ወይ?» ነው። አዎን፣ ከ2006 እስከ 2008 አካባቢ ያሉት ባለ 2.4 ሊትር ሞተሮቹ ዘይት በመብላት ስሞታ በዝቶባቸው ቶዮታ በአሜሪካ ዋስትናቸውን አራዝሟል። ከ2001 እስከ 2003 ያሉት አውቶማቲኮች ደግሞ ማርሽ ሲቀይሩ የሚንገጫገጩት ብዙ ጊዜ ኮምፒውተራቸው ታሞ ነው፤ ካምቢዮውን አታስገልብጡ። ይህ ግን ስሞታ ነው፣ ኪስ ይነካል። ሪኮሉ አንገት ይነካል። የባለቤቶቹን ወሬ ስሰማ ስለ ዘይቱ አንድ ሰዓት ይወራል፤ ስለ ዳዶው ያነሳልኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ለእህቱ ምን ብዬ ልንገራት ላለው፣ እውነቱን ንገራት አልኩት። ነገራት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። «የሻጩን ስልክ ላክልኝ» አለች። ከዚያ ከሪያድ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውልለት ጀመር! ሻጩ መጀመሪያ የመለሰላት ሁላችሁም የምታውቁትን ነው፦ «ወንድምሽ አይቶ፣ ወዶ፣ ፈርሞ ነው የወሰዳት።»

እዚህ ላይ ነው ሕጉ የሚጠቅመው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት መድን እንዲሆን ያስገድዳል። ውል ላይ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ መጻፍ ቢቻልም፣ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭ በዚያች መስመር ሊከለል አይችልም። መብራት ላይ የተለጠፈ ጥቁር ቴፕ ደግሞ በራሱ ጊዜ አይለጠፍም። ገዢም ጉድለቱን እንዳየ ሳይውል ሳያድር ለሻጭ ማሳወቅ አለበት፤ «ለአረፋ ከተመለስኩ በኋላ» ካለ ያረፍድበታል። ልጁ መካኒኩን በምስክርነት ይዞ፣ ቴፑንና ባዶውን ክዳን ፎቶ አንስቶ አዲስ አበባ ገባ። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል። ሻጩ የሁለቱን ክንዶች ዋጋ ከፍሏል፤ የኤርባጉ ግን ገና እየተጨቃጨቁበት ነው። እህትየው ለአረፋ በአውቶቡስ ትገባለች።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ጽፋችሁ ውሰዱና ለረጅም ዓመታት የቶዮታ ወኪል ሆኖ ወደቆየው ሞኤንኮ ሄዳችሁ «ይህ ቁጥር ያልተሠራ ሪኮል አለበት ወይ? እናንተ ያላስገባችሁትን መኪናስ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ ደግሞ ይህችን ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «ሻጭ በመኪናዋ ኤርባግ፣ የደህንነት ቀበቶና የኋላ ጎማ ክንድ ላይ የማውቀው ጉድለት የለም፣ የጠፋ ወይም የተሸፈነ መብራትም የለም ብዬ አረጋግጣለሁ።» ሻጩ ይህን ሲያነብ እስክሪብቶውን ካስቀመጠ ሊብሬውን መልሱለትና ሻያችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።

ስለ ቪታራ የጻፋችሁልኝ ሁለት አንባቢያን፣ ተራችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰላም ሰንብቱ!